የጥንዶች ገና በቶኪዮ፦ ኬኩ፣ ዶሮው፣ መብራቱና ውዱ እራት ሲመዘኑ

ጃፓን ውስጥ ዲሴምበር 25 የሥራ ቀን ነው። ባንኩ ክፍት ነው፤ ቢሮ ይገባል፤ የጠዋቱ ባቡርም እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ይሞላል። ከሕዝቡ ክርስቲያን የሆነው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ጥቂት ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ ከተማውን የሚያጥለቀልቀው መብራት ግን ባለቤት አለው፤ የፍቅረኞች ነው። የበዓሉ እምብርት የ24 ማታ ሲሆን ጃፓኖቹ «ኢቡ» ይሉታል። ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰበው፣ ሰዉ ወደ ትውልድ ቦታው የሚገባው ለአዲስ ዓመት ነው። የገና ዋዜማ ለሁለት ሰው የተለቀቀ ምሽት ነው።

ይህ ምሽት ከላይ እስከ ታች በገንዘብ የሚገዛ ነው። ኬኩም፣ ዶሮውም፣ የምግብ ቤቱ ወንበርም ከሳምንታት በፊት በቀጠሮ ይሸጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ቀን ይመስላል። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው አንድ ሱቅ ሳይሆን ጥንዶች ዋዜማውን ለማሳለፍ የሚገዟቸውን ነገሮች ነው። ዋጋው በየን፣ ሰዓቱ እንደ ጃፓኖቹ በ24 ሰዓት፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. ነው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ኬኩ የተከፈለበት ይገባዋል። ዶሮው ስሙን ያህል አይደለም። መብራቱ በነፃ ነውና የሚወጣለት ጉድለት የለም። የ24 ማታው የምግብ ቤት እራት ግን ከሁሉም የከፋው ግዢ ነው።

ቀኑን ስለመምረጥ

እስከ 2018 ድረስ ዲሴምበር 23 የንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ የልደት ቀን ስለነበር ሕዝባዊ በዓል ነበር፤ ጥንዶችም ከዋዜማው አጠገብ አንድ የዕረፍት ቀን ያገኙ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ይህ ቀረ። አሁን ዋዜማው የሥራ ቀን ላይ ሲውል ሁለቱም ከቢሮ የሚወጡት ከ18:00 በኋላ ነው። ምሽቱ ደግሞ አጭር ነው፤ ብዙ መብራቶች 22:00 ወይም 23:00 ላይ ይጠፋሉ፣ የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ይሄዳል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊቱን የሚሠሩ መስመሮች ቢኖሩም ለገና የሚያድር ባቡር የለም። ታክሲ ከ22:00 እስከ 5:00 የ20 በመቶ ጭማሪ ያስከፍላል። በሦስትና አራት ሰዓት ውስጥ መብራት፣ እራት፣ ኬክ፣ ስጦታ ሁሉ ይድረስ ማለት አንዱንም በወጉ አለማድረግ ነው። መብራቱንና እራቱን ከ24 በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ጨርሶ 24 ማታን ለኬክና ለቤት መተው ይሻላል።

ኬኩ

የጃፓን የገና ኬክ ሲባል በሁሉም ሰው ዓይን የሚመጣው «ሾርትኬክ» ነው። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ የጃፓን ነው፤ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ስኳሩ የተመጠነ ነጭ ክሬም፣ በመሃልና በላይ ትኩስ እንጆሪ። ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ሲሆኑ በጃፓን የደስታ ቀለም ስለሆኑ ኬኩ ለበዓል እንዲመች መልኩ ራሱ ረድቶታል። ፉጂያ የተባለው ኬክ ቤት ዮኮሃማ ላይ የገና ኬክ መሸጥ የጀመረው በ1910 ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ሱቅ አለው። ድሮ ኬኩ የሚለበሰው በቅቤ ክሬም ነበር። ትኩሱ ክሬም የገነነው ከጦርነቱ በኋላ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ነው። የአዲስ አበባን ቶርታ የለመደ ምላስ መጀመሪያ «ስኳር ረስተዋል» ይላል፤ በሁለተኛው ጉርሻ ግን እንጆሪው ጎልቶ የሚሰማው ስኳሩ ስላልደፈቀው መሆኑ ይገባዋል።

መጠኑ የሚነገረው በ«ጎ» ነው። 1 ጎ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 4 ጎ ማለት 12 ሴንቲ ሜትር፣ 5 ጎ ማለት 15 ሴንቲ ሜትር ከዳር እስከ ዳር ያለ ስፋት ነው። ለሁለት ሰው 4 ጎ ይበቃል፣ ለጠዋት ቡናም ይተርፋል። 5 ጎ በቁጥር 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ የጨመረ ቢመስልም ኬኩ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሁለት ሰው አይጨርሰውም። «እንግዲያው ሁለት ቁራጭ እንገዛለን» የሚል ካለ ይጠንቀቅ። ከ23 እስከ 25 ብዙ ኬክ ቤቶች የተቆረጠ ኬክ መሸጡን ይቀንሳሉ ወይም ጭራሽ ያቆማሉ፤ እጁም መስታወቱም በቀጠሮ ኬክ ተይዟል።

የሚገዛባቸው ቦታዎች በዋጋ ይለያያሉ። የሰፈር ኮንቢኒዎች፣ ማለትም ሰቨን ኢለቨን፣ ላውሰንና ፋሚሊ ማርት፣ 4 ጎውን ከ3,000 እስከ 4,000 የን ገደማ ይሸጣሉ። የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት የምግብ አዳራሽ፣ «ዴፓቺካ» የሚሉት፣ ታዋቂ ኬክ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ከ4,500 እስከ 7,000 ያስከፍላል። የሆቴል ኬክ 10,000ን በቀላሉ ያልፋል። የዴፓቺካው ክሬምና እንጆሪ ከኮንቢኒው በግልጽ ይበልጣል፤ ለተጨማሪው 2,000 የን የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ከዴፓቺካ ወደ ሆቴል ሲወጣ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ሳጥኑና ጌጡ ነው። ኮንቢኒውን ደግሞ መናቅ አይገባም፤ ከቤት ሦስት ደቂቃ ርቀት ላይ የሚረከቡት ኬክ ሳይዛነፍ ይደርሳል፣ ይህም ራሱ ዋጋ አለው።

የኬኩ ዝርዝር በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይወጣል። ስመ ጥሮቹ ኖቬምበር ሳያልቅ ያልቃሉ፤ ኮንቢኒዎቹ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ድረስ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ሲያዝዙ የሚረከቡበት ሱቅ፣ ቀንና የሰዓት ክፍል ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢሮው አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ በመምረጥ ነው። የሚመረጠው የቤት ጣቢያ አጠገብ ያለው ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በቅርብ ዓመታት ዋጋው ከፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጆሪ በተፈጥሮው የፀደይ ፍሬ ነው። ለዲሴምበር የሚደርሰው ችግኙ በበጋው መጨረሻ ላይ ብርድ ሲነካው አበባውን ስለሚያዘጋጅና ከዚያ በኋላ በሞቀ የላስቲክ ቤት ስለሚያድግ ነው። ሙቀቱ እስከ መኸር ከዘለቀ አበባው ይዘገያል፤ ምርቱ ከገና በኋላ ይደርሳል፣ ኬክ ቤቱ ያለችውን ጥቂት ይሻማል። በዚህ ላይ የወፍ ጉንፋን በመጣባቸው ክረምቶች እንቁላል ይወደዳል። ስለዚህ አንዳንድ ኬክ ቤት እንጆሪውን በላዩ ብቻ ደርድሮ መሃሉን በጃም ወይም በሌላ ፍሬ ይሞላል። በዝርዝሩ ላይ ኬኩ ተቆርጦ የሚታይበትን ሥዕል ሳያዩ አይዘዙ፤ ከላይ ብቻ የተነሣ ሥዕል ያለው ኬክ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል።

ስትረከቡ ሻጯ «ኦሞቺአሩኪ ኖ ኦጂካን ዋ?» ብላ ትጠይቃለች። ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል ማለቷ ነው። በመልሱ ልክ «ሆሬዛይ» የሚባለውን የበረዶ ከረጢት ትጨምራለች። ለመኩራራት «30 ደቂቃ» አትበሉ፤ መብራት እያያችሁ ትዞሩ እንደሆነ ሁለት ሰዓት በሉ። ይህ ክሬም ከ10 ዲግሪ በታች መቆየት ያለበት ነው። ትልቁ ጠላት ደግሞ ባቡሩ ነው። በክረምት የባቡሩ ማሞቂያ ያለው ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ሳጥኑን እግራችሁ ሥር ብታስቀምጡት ክሬሙ ይለሰልሳል፣ እንጆሪውም ይንሸራተታል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ካደረጋችሁት ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ይዛነፋል። ቦታው ጉልበት ላይ ነው፣ በሁለት እጅ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን በክንዱ ሳያንጠለጥል ከሥር ደግፎ ይያዝ። በ19:00 የቶኪዮን መሃል በሚዞረው በያማኖቴ የባቡር መስመር ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ነው የቤት ጣቢያ ቅርንጫፍ ይመረጥ ያልነው።

ማቀዝቀዣችሁንም ቀድማችሁ ለኩ። ባለ 12 ሴንቲ ሜትሩ ኬክ ሳጥኑ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱም ከዚያ ብዙ አያንስም። የአንድ ክፍል አፓርታማ ትንሽ ማቀዝቀዣ መደርደሪያው ካልወጣ አያስገባውም። ሲቆረጥ ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ፣ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላም መጥረግ ነው፤ ያለዚያ የእንጆሪው ቀይ ነጩን ክሬም ያቆሽሻል። በመሃል ላይ ያለውን እንጆሪ ቢላዋው ስለሚገፋው መጋዝ እንደሚስቡ እየሳቡ እንጂ እየተጫኑ አይቆርጡም። መብላት በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንጆሪው ውሃ ያወጣና ስፖንጁ ይረጥባል።

በፖስታ የሚመጣ የቀዘቀዘ ኬክ ሌላ ዓለም ነው። ምርጫው ሰፊ ነው፣ በባቡር መሸከምም ይቀራል። ግን በ2023 አንድ ትልቅ መደብር በኢንተርኔት የሸጠው የቀዘቀዘ የገና ኬክ በብዙ መቶ ደንበኞች ቤት ተፈረካክሶ ደርሶ አገር አነጋግሯል፤ መደብሩ ይቅርታ ቢጠይቅም መንሥኤውን መለየት እንዳልቻለ ነው የገለጸው። የሚያዝዝ ሰው ከ24 ይልቅ 22 ወይም 23 እንዲደርሰው ያድርግ፤ ሳጥኑንም አስረካቢው ሳይርቅ ከፍቶ ይይ። ማቅለጥ በማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፣ በአብዛኛው ከስምንት ሰዓት ያላነሰ ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ቢቀልጥ ላቡ ክሬሙ ላይ ይወርዳል።

ያላስያዘ ሰው አንድ ቀዳዳ አለው። በ25 ማታ፣ ሱቆቹ ሊዘጉ ሲሉ፣ የተረፈው ኬክ ቅናሽ ይለጠፍበታል፤ አንዳንዴ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ድሮ ከ25 ዓመቷ በኋላ ያላገባችን ሴት «የገና ኬክ» እያሉ ይዘባበቱ የነበረው ከዚህ የመጣ ነው። ቀልዱ ዛሬ አርጅቷል፤ ቅናሹ ግን አለ።

ዶሮው

የጃፓን ገናና የኬንታኪ ዶሮ አንድ ላይ የሚነሡት ከ1974 ጀምሮ ነው፤ ኬኤፍሲ «ገናን በኬንታኪ» የሚለውን ዘመቻ በመላ አገሪቱ ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። ኩባንያው ጃፓን ከገባ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ነገሩ ሥር የሰደደበት ምክንያት ለመረዳት አይከብድም። የቱርክ ዶሮ በገበያው የለም ማለት ይቻላል፤ በየቤቱ ያለውም ማይክሮዌቭ የተደረበበት ትንሽ ምድጃ ስለሆነ ሙሉ ወፍ ለመጥበስ አይመችም። ነጭ ጢሙን የለቀቀው የኩባንያው መሥራች የኮሎኔል ሳንደርስ ሐውልት ደግሞ በየሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ በዲሴምበር የሳንታ ልብስ ሲያለብሱት የጎደለው ነገር የለም።

ዋናው ዕቃ «ፓርቲ ባሬል» የሚባለው ባልዲ ነው። በቅርብ ዓመታት በውስጡ 8 ቁራጭ ዶሮ፣ የሽሪምፕ ግራታን፣ ጣፋጭና የዓመቱ ሥዕል ያለበት ሳህን ይገባል። ዋጋው ከ4,000 የን አልፎ ወደ 5,000 እየተጠጋ ነው። የሚያዘው ከኦክቶበር መጨረሻ ወይም ከኖቬምበር መጀመሪያ አንሥቶ ነው፤ በስልክ መተግበሪያው ወይም በሱቁ ቀንና የሰዓት ክፍል ይመረጣል። ከ17:00 እስከ 19:00 ያለው ቀድሞ ይሞላል። በ23፣ 24 እና 25 የሱቆቹ ተራ ዝርዝር ስለሚጠብ ያላስያዘ ሰው ረጅም ሰልፍ ላይ ቆሞ ያለውን ነው የሚወስደው።

ባልዲው ለሁለት ሰው አይመከርም። አራት አራት ቁራጭ ይደርሳል፤ ጨውና ዘይቱ ከሦስተኛው በኋላ ይሰለቻል። ጣፋጩም ኬክ ለያዘ ቤት ትርፍ ነው። የሳህን ስብስብ ከሌላችሁ በስተቀር በዚያው ወቅት ከሚወጡት ትንንሽ ጥቅሎች አራት ቁራጭ ያለውን ያዙ፤ ገንዘቡ በግማሽ ይቀንሳል።

እኛ ከአንድ ዶሮ 12 ብልት እናወጣለን፤ እነሱ 9 ነው የሚያወጡት። ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ጭን፣ ሁለት የጎን ደረት እና አንድ «ኪል» የሚሉት የደረት ጫፍ፣ ማለትም የእኛው ፈረሰኛ። ኪሉ አጥንት የማይበዛበትና ስብ የሌለው ነው። ጭኑ በጣም ጭማቂ አለው፤ የጎኑ ግን ትንንሽ አጥንት ይበዛበታል። በገና ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ብልት መምረጥ ስለማይቻል የደረሰን ተቀብሎ መካፈል ነው። ለፈረሰኛው የሚደረገው ድርድር እንግዲህ የጥንዶቹ ጉዳይ ነው።

የጥራቱን ነገር በግልጽ እንናገር። ዶሮው የሚጠበሰው ግፊት ባለው ድስት ስለሆነ ሥጋው አይደርቅም፤ ቆዳው ግን ከመጀመሪያውም ለስላሳ ነው እንጂ አይንኮሻኮሽም። በተዘጋ ሳጥን 20 ደቂቃ ከተጓዘ እንፋሎቱ የባሰ ያረጥበዋል። ከተረከባችሁ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሄድ ከሆነ ቤት ስትደርሱ ማሞቅ ግድ ነው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ 500 ዋት ማይክሮዌቭ ውስጥ ከ40 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ትንሿ የዳቦ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ። ቆዳው ቶሎ ስለሚያር ፎይል ከላይ ይሸፈንለት፤ በመጨረሻው ደቂቃ ይነሣ። በማይክሮዌቭ ብቻ ያሞቀ ሰው እርጥብ ጨርቅ የመሰለ ቆዳ ይበላል። በምድጃ ብቻ ያሞቀ ደግሞ ውጪው አሮ ውስጡ ቀዝቃዛ ያገኘዋል። ሌላም ነገር አለ፤ በተሞላ ባቡር ውስጥ የተጠበሰ ዶሮ ሽታ ማንም አይናገራችሁም እንጂ ሁሉም ያውቃችኋል። ዶሮውንም ከቤት ጣቢያው ውሰዱ።

ባልዲው ካመለጠ ማዘን አያስፈልግም። ሱፐርማርኬቶች በእነዚህ ቀናት በሶያ ሶስና በስኳር የተጠበሰ አጥንታም የዶሮ እግር በየመደርደሪያው ይደረድራሉ፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ወረቀት ወይም ሪባን ይታሰርለታል። አንዱ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 የን ነው፤ ሁለት ቢገዙ ለሁለት ሰው ይበቃል። ለገና ጠረጴዛም ከባልዲው ይልቅ እሱ ያምራል። የማይጠጡ ጥንዶች አጠገቡ ያለውን «ሻንሜሪ» ያንሡ፤ እንደ ሻምፓኝ የሚተኮስ፣ አልኮል የሌለው የልጆች መጠጥ ነው፤ ትልቅ ሰውም ሲጠጣው የሚያፍር የለም።

ስለ ቀረጡ አንድ ቃል። ከ2019 ኦክቶበር ጀምሮ ምግብ ይዞ ለሚሄድ 8 በመቶ፣ ተቀምጦ ለሚበላ 10 በመቶ ነው። በዝርዝር ላይ «ዜይኮሚ» ከተጻፈ ቀረጡ ተካቷል፤ «ዜይበጹ» ከተባለ ገና ይጨመራል።

እራቱ

የምዕራባውያን ምግብ የሚሠሩ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ከ23 እስከ 25 ተራውን ዝርዝር አንሥተው አንድ የገና «ኮርስ»፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነና ተከታትሎ የሚቀርብ ምግብ፣ ብቻ ያቀርባሉ። በተራ ቀን 8,000 የን የነበረ ቤት 15,000 ቢጠይቅ አያስገርምም። ሒሳቡን እንሥራው። 15,000 ላይ የሆቴል አገልግሎት 10 በመቶ ሲጨመር 16,500 ይሆናል። በዚያ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ሲመጣ 18,150፤ ለሁለት ሰው 36,300 የን፣ መጠጥ ሳይታሰብ። የመስኮት አጠገብ ወንበር ለብቻው የሚያስከፍል ቤትም አለ። ጉርሻ የሚባል ነገር በጃፓን ስለሌለ ቢያንስ እሱ ይቀራል።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ «ለአንድ ቀን ነው» ይባል ነበር። የሚያስከፋው አሠራሩ ነው። ቤቱ ምሽቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለምሳሌ ከ17:30 እስከ 19:30 እና ከ20:00 እስከ 22:00። ለመጀመሪያው ዙር ከሥራ አይደረስም። በሁለተኛው የገባ ሲወጣ መብራቱ እየጠፋ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚቀነሰው ከራሱ ሁለት ሰዓት ነው። ወጥ ቤቱ ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ ሰዓት ማውጣት ስላለበት ሥጋው ቀድሞ ይዘጋጅና ለብ ብሎ ይመጣል። ጣፋጩ ሳያልቅ ቡናው ይደርሳል፤ ቡናው ሳያልቅ ሒሳቡ። ክፍያው በቅድሚያ በካርድ ሲሆን በዕለቱ የቀረ ሰው ሙሉውን 100 በመቶ ያጣል፤ ዲሴምበር ደግሞ የጉንፋን ወር ነው።

መውጣት ካለባችሁ ሦስት መንገድ አለ። የምሳው ኮርስ በዚያው ቤት ከእራቱ በብዙ ይረክሳል፣ ጥድፊያውም ይቀንሳል። ወይም እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ ባለው የሥራ ቀን መሄድ ነው፤ ጌጡ ተሰቅሏል፣ ዝርዝሩ ግን ተራ ነው። ወይም በ24 ማታ ራሱ ሱሺ ቤት፣ ያኪቶሪ ቤት ወይም ኢዛካያ የሚሉት መጠጥ ቤት መግባት። የገናው ግርግር የሚያጥለቀልቀው የፈረንሳይና የጣልያን ምግብ ቤቶችን ስለሆነ የጃፓን ምግብ ቤቱ ዋጋውን ብዙ ጊዜ አይነካም። በቀርከሃ እንጨት ላይ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ ለሁለት በ8,000 የን ጠግቦ መውጣት ይቻላል፤ ያም ዶሮ ነው፣ ከባልዲውም ይጣፍጣል።

መብራቱ

ቶኪዮ ላይ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 16:30 አካባቢ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው 17:00 ላይ አይቶ ከሕዝቡ ቀድሞ መውጣት ይችላል። የማሩኖኡቺ ናካዶሪ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ በወርቃማ መብራት የተለበሱ ዛፎች ናቸው፤ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ጎን ለጎን ሆኖ ለመራመድ ከሁሉም ይመቻል። የሮፖንጊው ኬያኪዛካ 400 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እዚያ የሚኬደው ቁልቁል ሲያዩ ቶኪዮ ታወር በመንገዱ መጨረሻ ላይ ቆሞ ስለሚታይ ነው፤ ፎቶው የሚያምረው ከላይ ካለው ድልድይ ላይ ነውና ሰልፍ ይጠብቃችኋል። ኤቢሱ ጋርደን ፕሌስ 250 አምፖል ያለው፣ 5 ሜትር የሚረዝም የባካራ ክሪስታል መብራት በመስታወት ቤት ውስጥ ያቆማል፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ከቶኪዮ ውጪ የሚያስብ ሰው ሳፖሮን ይያዝ። የኦዶሪ ፓርክ መብራት ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከእህት ከተማዋ ከሙኒክ የተቀዳው የገና ገበያም ከ2002 ወዲህ በዚያው ይቆማል፣ እውነተኛ በረዶም አለ። ሉሚናሪዬ የሚባለውን የኮቤ ከተማ የመብራት ትርኢት በገና አትፈልጉ። ከ1995ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለሟቾች መታሰቢያ የተጀመረ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ወደ ጃንዋሪ ተዛውሯል። የቆዩ የጉዞ ጽሑፎች ግን አሁንም ዲሴምበር ነው ይላሉ።

ቅዝቃዜው ከሰዓት 11 ወይም 12 ዲግሪ ሆኖ ማታ ወደ 3 ይወርዳል። እጅ የሚያሞቀውን «ካይሮ» የሚባል ከረጢት በየኮንቢኒው ታገኛላችሁ፤ ብቻ ከኬኩ ቦርሳ ጋር እንዳይነካካ።

ለሚጾም እና ሐላል ለሚበላ

ዲሴምበር 24 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 15 ነው፤ ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። ሾርትኬኩ ክሬምና እንቁላል ነው። ዶሮው ያው ሥጋ ነው፣ ሽፋኑም ወተትና እንቁላል አለበት፤ ስለዚህ ለሚጾም ሰው የጃፓን ዋዜማ መብራቱ ብቻ ነው። አትክልት ቴምፑራ አለልኝ ያለ ደግሞ የሚጠቀስበት ሶስ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ መሆኑን ይወቅ፤ በጨው ብቻ ይብላው፣ ሊጡ ውስጥም እንቁላል አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሙስሊም ጥንዶች በኬኩ ላይ ሁለት ነገር ያጣሩ፤ ስፖንጁ በሊኬር መረጠቡንና የእንጆሪው ማብረቅረቂያ ጄላቲን የአሳማ መሆን አለመሆኑን። የዴፓቺካ ሻጮች የይዘት ዝርዝሩን አውጥተው ያሳያሉ፤ «አሩኮሩ» እና «ዘራቺን» የሚሉትን ሁለት ቃላት መናገር ይበቃል።

ቶኪዮ ላይ ያሉ ሐበሾች ብዙዎቹ የሚኖሩት በካቱሺካ ወረዳ ነው፤ የእነሱ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ያን ቀን ጃፓኖቹ ሰባት ቅጠል የተቀቀለበት «ናናኩሳ ጋዩ» የሚባል የሩዝ ገንፎ ይበላሉ፣ ሱፐርማርኬቱም ሰባቱን ቅጠል በአንድ ጥቅል ይሸጣል። የገናው ዛፍ ዲሴምበር 26 ጠዋት ተነሥቶ በቀርከሃና በጥድ ጌጥ ከተተካ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ምግብ ቤቶቹ ወደ ተራ ዋጋቸው ተመልሰዋል፣ ሁለት ዙር የለም፣ የማሩኖኡቺው መብራት እስከ ፌብሩዋሪ ስለሚቆይ አሁንም በርቷል። ያው ባለ 12 ሴንቲ ሜትር የእንጆሪ ኬክም፣ ሳንታው ከላዩ ወርዶ፣ በየኬክ ቤቱ አለ፤ ለማስያዝ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል።